ሞላው ምን አጠፋ?

የኤሌክትሪክ መኪና ሞላ ስለ መቀየር ለተሰጠ ምክር የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ ዳርቻ በምንኖር የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ዘንድ እየተነበበ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያንገጫግጨው ባትሪው ስለሚከብድና ፋብሪካው ይህን ክብደት እንዲሸከም ደረቅ ሞላ (በየጎማው በኩል መኪናውን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት) ስለሚገጥምለት ነው። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ለስለስ ያለ የቤንዚን መኪና ሞላ ገዝቶ ማስቀየር፣ ከረዘመም አንድ ዙር አስቆርጦ መግጠም ይበቃል። አሞርዛተሩን (የሞላውን መንጠር የሚያረጋውን የዘይት ቱቦ) መንካት አያስፈልግም። ቤተሰብ የሚቀመጠው ከኋላ ስለሆነ የኋላውን ብቻ መቀየርም ይቻላል። ሞላው ሲለሰልስ ባትሪው ከመናጥ ስለሚድን ዕድሜው ይረዝማል፤ በአንድ ቻርጅም ራቅ ያለ መንገድ ይኬዳል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ማንኛውም ጋራዥ ይሠራዋል።

የጽሑፉ መነሻ የሆነው ቅሬታ እውነተኛ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ከቦሌ አስፋልት ወጥቶ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ድረስ ዘልቋል። ለለሰለሰ የከተማ አስፋልት ታስቦ የተሠራ መኪና በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ባለ ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ ቢያንገጫግጭ አያስደንቅም። ጸሐፊውም ነገሩን ያነሡት ተቸግረው እንጂ ለወሬ እንዳልሆነ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሆኖም እኔ አቃቂ አካባቢ በመኪና እግር ሥራ፣ ማለትም በሞላ፣ በአሞርዛተርና ጎማውን በሚይዙት ዕቃዎች ጥገና፣ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ምክር ሰምተው የሚመጡትን መኪኖች ክሪክ ላይ የምናወጣቸው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ከምክሮቹ መካከል ገንዘብ ብቻ የሚያስባክኑ አሉ፤ ባትሪ የሚያስመታ አለ፤ የሰው እጅ የሚያሳጣም አለ።

ከክብደቱ ልጀምር፤ ጽሑፉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ባትሪ ይከብዳል መባሉ ልክ ነው። እዚህ በብዛት የምናያት ፎልክስዋገን አይዲ 4፣ ትልቁን ባትሪ የያዘችው፣ ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች። ሞላዋም ከቀላል መኪና ሞላ የደረቀ መሆኑ እርግጥ ነው። ግን ሞላ ደረቅ ወይም ለስላሳ የሚባለው በላዩ ካረፈው ክብደት ጋር ተመዝኖ እንጂ ለብቻው ታይቶ አይደለም። በቁጥር እንየው። በአንድ ጎማ በኩል 300 ኪሎ ግራም የሚያርፍባት የቤንዚን መኪና አለች እንበል፤ ሞላዋም 1 ሳንቲ ሜትር ለመጨመቅ 20 ኪሎ ግራም የሚፈልግ ይሁን። መኪናዋ ቆማ ሳለች ሞላው 15 ሳንቲ ሜትር ተጨምቋል ማለት ነው። አሁን ደግሞ በአንድ ጎማ 450 ኪሎ ግራም የሚያርፍባትን የኤሌክትሪክ መኪና እንውሰድ፤ የእሷ ሞላ 1 ሳንቲ ሜትር ለመጨመቅ 30 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። ሞላው በ50 በመቶ ደረቀ፣ ክብደቱም በ50 በመቶ ጨመረ፤ የሚጨመቀውም ያው 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም መኪኖች ጉብታ ሲያልፉ በሰከንድ 1.3 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላሉ። ምቹ የሚባሉ የቤት መኪኖች የሚገኙት ከ1 እስከ 1.5 ባለው መካከል ስለሆነ፣ ሁለቱም ምቹ ናቸው። ሞላን በእጅ እየተጫኑ «ይህ ደረቅ ነው» የሚል ሻጭ ስለ መኪናው የነገረን ነገር የለም።

ጸሐፊው እንደሚመክሩት ይህን የ30 ኪሎ ሞላ በ25 ኪሎ እንተካው፤ ርዝመቱ አንድ ይሁን። አሁን ሞላው 18 ሳንቲ ሜትር ይጨመቃል። ንቅናቄው በሰከንድ ከ1.3 ወደ 1.2 ዝቅ ይላል፤ ተሳፋሪው ካልተነገረው በቀር ልብ የሚለው ለውጥ አይደለም። መኪናው ግን 3 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ወርዷል። በቤንዚን መኪና ቢሆን ኖሮ ይህ የሚያሳስበው ለጭስ ማውጫው ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ የሚገኘው ባትሪው ነው፤ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ። የአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ የቤት መኪኖች ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ክረምት አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን ብቻ አግጥጦ በሚተወው የሰፈር ውስጥ ኮረኮንች ላይ ከዚህ 3 ሳንቲ ሜትር በፈቃድ መስጠት ምን ይሉታል? ሌላም ጣጣ አለው። እግሩ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የተለካ ነው፤ በመጨረሻው ላይ ማቆሚያ ላስቲክ አለ። መኪናው ሲወርድ ቦታው ይጠብባል፤ አራት ሰውና የሳምንት አስቤዛ ሲጫን ደግሞ የበለጠ ይጠብባል። ያኔ ጉድጓድ ሲገኝ እግሩ ማቆሚያው ላይ እየሄደ ይላተማል፤ ያ ምት ከየትኛውም ደረቅ ሞላ የከፋ ነው። ለስላሳ ሞላ አስገብተው «ባሰብኝ» ብለው የሚመለሱ ደንበኞች ብዙዎቹ ያጋጠማቸው ይህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ጸሐፊው ሁሉንም መንገድ አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። የሚያንገጫግጨን የትኛው መንገድ ነው? የኮብልስቶን አንድ ድንጋይ ወርዱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 5.5 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ጎማው በየሰከንዱ ከ50 በላይ ድንጋይ ይረግጣል። ሞላው የተሠራው በሰከንድ አንድ ጊዜ ከምናምን ለሚሆን መነሣትና መውረድ ነው። በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ የሚመጣ ጥቃቅን ምት የሞላው መድረቅ ወይም መለስለስ አይገደውም። ምቱን ቀድሞ መዋጥ ያለበት ጎማው ነው፤ እሱ ያሳለፈውን ወደ ወንበራችን የሚያደርሱት ደግሞ አሞርዛተሩና በእግሩ መጋጠሚያዎች ያሉት ላስቲኮች (ቡሾች) ናቸው። በኮብልስቶን ተማርሮ ሞላ የሚቀይር ሰው የሚሠራው፣ አባቶች እንዳሉት፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ሞላ የሚታማበት መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። ከአቃቂ አንሥቶ በገላን በኩል እስከ ዱከም የተንጣለለው ሜዳ አብዛኛው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈው አስፋልትም አብሮት እየተነሣና እየሰመጠ ረዣዥም ሞገድ ያወጣል። ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 8 ሜትር የሆነ ሞገድ ላይ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ንቅናቄው በሰከንድ 1.3 ጊዜ ይመጣል። ይህ በትክክል የሞላው የራሱ ምት ስለሆነ መኪናው ከመንገዱ ጋር አብሮ መዝለል ይጀምራል። ሞላውን ወደ 25 ኪሎ ቢያለሰልሱት ምን ይሆናል? ዝላዩ በ37 ኪሎ ሜትር መሆኑ ቀርቶ በ34 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሌላ የተገኘ ነገር የለም። ይህን ዝላይ የሚገድለው አሞርዛተሩ ነው፤ ጸሐፊው «አይነካ» ያሉት ዕቃ።

ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና በኮብልስቶን ላይ ለምን እንዲህ ይከፋል? አንደኛው ምክንያት ጎማው ነው። ፋብሪካዎቹ ለመልክ ብለው ትልልቅ ቸርኬ ይገጥማሉ፤ ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ይቀጥናል። የአይዲ 4ን ባለ 20 ኢንች ጎማ ብንወስድ የፊቱ 235/50 ነው፤ ወርዱ 235 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ የወርዱ 50 በመቶ ማለት ነው፤ ስለዚህ የጎኑ ቁመት 117 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል። ለዚያችው መኪና የተፈቀደው ባለ 19 ኢንች ደግሞ 235/55 ሲሆን ጎኑ 129 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የኋላውም እንዲሁ ከ255/45 ወደ 255/50 ይሄዳል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይለያይም፤ የፍጥነት መለኪያውም አይሳሳትም፤ ሆዷም ወደ መሬት አይወርድም። በየጎማው ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ተጨማሪ ነፋስና ላስቲክ ግን በድንጋዩና በወንበሩ መካከል ገባ። ኮብልስቶን ላይ ለሚኖር ሰው ገንዘቡን የማውጣት ፍላጎት ካለው የሚያዋጣው ይህ ነው። የመኪናው ዓይነት ሌላ ከሆነ ትንሹ ቸርኬ ፍሬኑን እንዳይነካ አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ የጎማውም የመሸከም ልክ ከመጀመሪያው ያላነሰ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ከባድ መኪና ነውና።

ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ደግሞ የጎማ ነፋስ ነው። ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ሲከፈት ከሚታየው ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጎሚስታዎቻችን ግን ለታክሲውም፣ ለፒክአፑም፣ ለኤሌክትሪክ መኪናውም አንድ ልክ አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ያበዙታል። የሙቀት ነገርም አለ፤ የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለወጥ የጎማው ነፋስ ወደ 1.5 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ የሚለካበት ልክ) ይለወጣል። ስለዚህ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ መለካት ነው። ሊለሰልስ ይችላል ተብሎ ከተለጠፈው ልክ በታች ማውረድ አይገባም፤ የቀጠነ ጎማ ነፋሱ ካነሰ ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬው ይጣመማል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ጸጥታው ነው። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ድሮ የማንሰማውን የእግር ኳኳታ ሁሉ እንሰማለን፤ ጆሮ የሰማውን ወገብም የተመታው ይመስለዋል።

አሁን ጸሐፊው ጨርሶ ወዳላነሡት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ ወደሚቀድመው ነገር ልለፍ። አንዳንድ ፋብሪካዎች አዲስ መኪና በመርከብና በተሳቢ ሲጓጓዝ እንዳይነጥር በሞላው ዙሮች መካከል ጠንካራ ማገጃ ይሰካሉ፤ ጎማውንም ከልኩ በላይ ይነፉታል። መኪናው ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት ማገጃውን የማውጣትና ነፋሱን የማስተካከል ሥራ የሻጩ ነው። ይሁንና መኪናው ከጅቡቲ ወደብ ወጥቶ በነጋዴ እጅ በቀጥታ ለገዢው ሲደርስ ይህን ሥራ የሚያስታውስ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ የኮዬ ፈጬ ነዋሪ የሆኑ አባት አዲስ መኪና ይዘው፣ ጽሑፉ እንደሚመክረው ሞላውንም አስቀድመው ገዝተው፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ ጭነው መጡ። የፊቱን ጎማ አውጥተን በባትሪ መብራት ስናይ በሞላው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ተሰክቷል፤ ጭቃ ደርቆበት ከሞላው ቀለም አይለይም። በማዶውም በኩል ያው ነበር። በፒንሳ ይዘን ክሪኩን ትንሽ ከፍ ስናደርገው ያለ ጣጣ ወጣ። እሳቸውም የገዙትን ሞላ ሳይፈቱት ለሻጩ መለሱት። የኤሌክትሪክ መኪናው አዲስ ሆኖ ሳለ የሚያንገጫግጨው ሰው ካለ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ በየሞላው መካከል ይመልከት።

ወደ ሶማሌ ተራው ሞላ እንመለስ። ጸሐፊው የቤንዚን መኪና ሞላ ለስላሳ ነው ብለው ይነሣሉ። የሞላ ድርቀት የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ በሽቦው ውፍረት፣ በክቡ ስፋትና በዙሮቹ ብዛት። ከሦስቱ ጉልበተኛው ውፍረቱ ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ሽቦ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ ሞላው ወደ 38 በመቶ ይደርቃል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይለይም፤ በቀለም የተቀባ አሮጌ ሞላ ሲሆን ደግሞ በካሊፐርም (በውፍረት መለኪያ) ካልተጠነቀቁ ያሳስታል። ሻጩም ገዢውም የማያውቁትን ቁጥር ይዞ «ለስላሳ ነው» ብሎ መኪና ሥር ማስገባት ቁማር ነው።

«ከረዘመ አንድ ዙር ይቆረጥ» የሚለው ግን ከቁማርም ያለፈ ነው። ዙር ሲቀነስ ሞላ ይደርቃል እንጂ አይለሰልስም። ስድስት የሚሠሩ ዙሮች ካሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ በቀሪዎቹ አምስት ላይ ሞላው 20 በመቶ ይደርቃል። ለምቾት የተነሣ ሰው በገዛ ገንዘቡ ደረቅና አጭር ሞላ ይዞ ይመለሳል። በዚያ ላይ መቁረጫው ብዙ ጊዜ የብየዳ እሳት ነው። እሳቱ የነካው ብረት የሙቀት ሕክምናውን ያጣል፤ ከጊዜ በኋላም ይሰምጣል ወይም ይሰበራል። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ መቀመጫው ላይ አይገጥምም፤ እግሩ ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በነገራችን ላይ መኪናውን ከፍ ለማድረግ በሞላው ዙሮች መካከል የሚገባው ላስቲክም ሥራው አንድ ነው፤ ዙር አግዶ ሞላውን ያደርቀዋል። መኪናው ከፍ ማለቱ ለባትሪው ይጠቅማል፤ ለወገብ ግን አይጠቅምም።

ስለ ማንኛውም ጋራዥ የተባለውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የፊት እግር ሞላው ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ ተጨምቆ የታሰረ ነው። የላዩ ዳዶ ከመፈታቱ በፊት ሞላው በትክክለኛ መጭመቂያ መያዝ አለበት። በውስጡ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ግራም ጉልበት ታምቋል። መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ በሰንሰለትና በሽቦ አስሮ ሲፈታ አይቻለሁ፤ ሽቦው ሲበጠስ ሞላው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚመርጥለት የለም። ምክር ሲጻፍ ይህ አንድ መስመር ሊነፈገው አይገባም ነበር።

አሞርዛተር «አይነካ» መባሉ ለምን ስሕተት እንደሆነ ሞገዱን ስናነሣ በከፊል አይተናል። አሞርዛተር የሚሠራው ከአንድ ሞላና ከአንድ ክብደት ጋር ተለክቶ ነው። ደረቅ ሞላ ከገባ ያው አሞርዛተር ሊያቆመው አይችልም፤ መኪናው አንድ ጉብታ አልፎ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይነጥራል። ሞላው ከ30 ወደ 25 ኪሎ ከለሰለሰ ደግሞ አሞርዛተሩ ከሞላው ልክ 10 በመቶ ያህል የበዛ ይሆናል። ያለቀ አሞርዛተር ላይ አዲስ ሞላ መግጠም ግን ከሁሉም ይብሳል። ለማወቅ ጋራዥ መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ ጎማው ወደ አንድ ጎን ሲዞር በስተጀርባው የሚታየው ቱቦ ላይ አቧራ ዘይት ጠጥቶ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ከሆነ አሞርዛተሩ አፍስሷል። ያገለገለ መኪና ከውጭ ላስገባ ሰው ከሞላ በፊት የሚታየው ይህ ነው።

የኋላውን ብቻ ስለ መቀየር የተሰጠው ምክር በሐሳብ ደረጃ ደግነት አለበት፤ ልጆቹ ከኋላ ናቸውና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ በሙከራ ያሳየውን ይጥሳል። ጉብታ መጀመሪያ የሚያገኘው የፊቱን ጎማ ነው፤ የኋላው ዘግይቶ ይነሣል። የኋላው እግር ከፊቱ ጥቂት ፈጠን ብሎ የሚነቀነቅ ከሆነ የፊቱን ይደርስበትና መኪናው ቀጥ ብሎ ይረጋል። የኋላውን ብቻ ካለሰለሱት ይህ ይገለበጣል፤ አፍንጫው ሲወርድ ጀርባው እየተነሣ መኪናው ፊትና ኋላ ይወዛወዛል። ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ አልፈው ወደ አዳማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሆዳቸው ሲታወክ ምክንያቱን ፌስታሉ ውስጥ ባለው ቆሎ ላይ እንዳያላክኩት።

ባትሪው ከመናጥ ይድናል የሚለው ባጭሩ የሚመለስ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 100 መሠረት የመኪና ባትሪ ከሚያልፍባቸው ፈተናዎች አንዱ በሰከንድ ከ7 እስከ 50 ጊዜ በሚደርስ ንቅናቄ ለ3 ሰዓት መናጥ ነው። ሞላ የሚቆጣጠረው በሰከንድ 1.3 ጊዜ የሚሆነውን ነው፤ ለባትሪ የሚያሰጋው ንቅናቄ ሠፈሩ ሌላ ነው። ባትሪን በእኛ መንገድ የሚጎዳው ከሥር የሚመታው ድንጋይ ነው፤ ለስላሳው ሞላ ደግሞ ባትሪውን ወደ ድንጋዩ ያቀርበዋል። በአንድ ቻርጅ ራቅ ብሎ ስለ መሄድ የተባለውም ከየት እንደመጣ አልገባኝም። መኪናው ሲወርድ የጎማዎቹ አቋቋም ይለወጣል፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቋቋም መልሶ ማስተካከል) ካልተሠራ ጎማው በትንሹ እየተንሸራተተ ስለሚጎተት መንገዱ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። የጎማው የውስጥ ጠርዝም ተበልቶ ያልቃል፤ በከባድ መኪና ላይ ደግሞ ቶሎ። ጸሐፊው በግማሽ ቀኑ ሥራ ውስጥ አላይመንትን አልቆጠሩትም፤ ከፊት ወይም ከኋላ ብቻ ሲወርድ አቅጣጫው የሚዛባውን የፊት መብራትም አልቆጠሩትም።

ሞላ መቀየር ፈጽሞ ክልክል ነው አልልም። የተሰበረ ወይም የሰመጠ ሞላ መቀየር አለበት፤ ሁልጊዜ በጥንድ፣ ግራና ቀኙ አንድ ላይ። ለዚያው ለመኪናው ሞዴል ታስቦ፣ ርዝመቱም ድርቀቱም ተጽፎ፣ ከሚስማማው አሞርዛተር ጋር በአራቱም እግር የሚሸጥ ዕቃ ከተገኘም ምቾት ይጨምራል፤ ሠርቼም አይቻለሁ። አሮጌው ሞላ ላይ የቀለም ሰረዝ ምልክት ካለ ፋብሪካው የሞላውን ዓይነት የሚለይበት ስለሆነ ሳይጠፋ ፎቶ ማንሣት ነው። ከመፈታቱ በፊትም ከጎማው መሐል እስከ ላዩ ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል በሜትር ለክቶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከተገጠመ በኋላ ባትሪው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ የሚነግረን ይህ ቁጥር ብቻ ነው።

በመጨረሻም የጸሐፊው ብቸኛ ማስረጃ የራሳቸው መኪና ነው። ሞላው ከተቀየረ በኋላ ኮብልስቶኑን «አላወቅኩትም» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ነገር ግን በዚያው ጽሑፋቸው ከፍ ብሎ ባለ አንድ አንቀጽ ላይ፣ ስለ ወጪው ሲያወሩ፣ በዚያው ቀን ባለ 20 ኢንቹን ቸርኬ በባለ 19 ለውጠው አዲስ ጎማ እንዳስገቡ እግረ መንገዳቸውን ጠቅሰዋል። እንግዲያው አሮጌዎቹ ባለ 20 ኢንች ጎማዎች ካልተሸጡ በአዲሱ ሞላ ላይ መልሰው ያስሩዋቸውና፣ ነፋሱን በተለጠፈው ልክ አድርገው፣ በዚያው ኮብልስቶን ላይ አንድ ዙር ይንዱ። ያገኙትንም እንዲሁ በጽሑፍ ያሳውቁን።